የምሽጉ ሳር

እናቴ ከሞተች ዓመት ሞላት። ለሙት ዓመቷ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም የተነሣሁት መንገድ ተከፈተ ሲባል በማግሥቱ ነው፤ ነገ ይዘጋ አይዘጋ ማን ያውቃል። ልጄ «ቆይ እስኪረጋጋ» አለችኝ። እኔ እስኪረጋጋ ብጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬም አላገባም፣ አንቺም አትወለጂም አልኋትና አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ተዝካሩ ደኅና አለፈ። ካህናቱ ጸሎቱን አደረሱ፣ የእድሩ ሰዎች ድንኳናቸውን ተክለው መልሰው ነቀሉ፣ ሴቶቹም «በቃ፣ ይበቃሻል» ብለው ዓመት ሙሉ ከላዬ ያልወረደውን ጥቁር ቀሚስ አስወልቀው ነጭ አለበሱኝ። ጥቁሩን አጣጥፌ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትሁት። ከዚያ ከተረፈው ሽሮና እንጀራ አንድ አገልግል ሞላሁ፤ ክዳኑን በጠፍሩ አሰርሁ፤ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ እኔ አገልግሌን አዝዬ ወደ ጣልያን ምሽግ ወጣሁ።

ምን ልታደርጊ ብትሉኝ፣ እናቴ ትወጣ ስለ ነበር ነው። በየዓመቱ፣ ወንድሜ የተያዘበት ወር ሲደርስ፣ ይህችኑ አገልግል አዝላ ትወጣለች። እስረኛ የለ፣ ዘብ የለ፤ ከፈረሰው ግድግዳ ሥር ትቀመጥና መንገደኛ ሲያልፍ ጠርታ አብልታ ትመለሳለች። ጎረቤቱ «አሰገደችን ነካ አድርጓታል» ይል ነበር። እንዲያ ይል የነበረው ሰው ሁሉ ዛሬ የለም፤ ከፊሉ ሞተ፣ ከፊሉ ልጆቹ ጋራ አዲስ አበባ ገባ። እናቴን ግን ምንም አልነካትም። ልጇን ነው የምትጠብቀው።

ታላቅ ወንድሜ ደምሴ እዚያ ምሽግ ገብቶ በዚያው ቀረ። ሞተ ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም። እናቴ መርዶ ሳትሰማ፣ ከል ሳትለብስ፣ የወንድ ልጇን ተዝካር ሳታወጣ ሄደች። እኔም ስልሳውን አልፌ የደም ግፊቱንም ስኳሩንም ተሸክሜ እዞራለሁ፤ ብዙ የምመኘው ነገር የለኝም። አንዲት ነገር ብቻ ሳልሰማ መሞት አልፈልግም ነበር። የሙት እኅት ነኝ ወይስ የሕያው እኅት? ለሕያው አይለቀስም፣ ሟርት ነው። ለሞተ ደግሞ ካልተለቀሰለት ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የተቀመጠ ነገር ነበረኝ፤ ሠርጌ ላይም ነበር፣ ልጅ ስወልድም ነበር፣ ባሌን ስቀብርም ነበር።

ምሽጉ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። ከሠሩት አንዱ የእናቴ አባት ነበር፤ አባባ እንለው ነበር። ጣልያን ያንን ኮረብታ የመረጠው በአንድ ወገን ወደ ዓባይ የሚወርደውን ገደል፣ በሌላ ወገን የወግዲን መንገድ ስለሚያይ ነው ይለን ነበር አባባ። የጣልያን ግዛት እዚያ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አገር በወረቀት እንጂ በእጁ አልገባም። ከገደሉ ማዶም አርበኛ፣ ወዲህም አርበኛ፤ ፈረንጁ መሐል ሆኖ እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ድንጋዩን ከወንዝ ያወጣው፣ የጠረበው፣ በጫንቃው ዳገት ያስወጣው ግን የአገሬው ሰው ነው፤ ከፊሉ ተገድዶ፣ ከፊሉ ለቀን ምንዳ። አባባ ለምንዳ ነው የሠራሁት ሲል አንገቱን አይደፋም። «ቤቴ እህል አልነበረም፣ ዱቄት ሰጡኝ» ይላል፣ አለቀ። የኖራውን ሽታ፣ የሚጠረበውን ድንጋይ ድምፅ፣ ፈረንጁ አለቃ ቆቡን ደፍቶ በዱላ ግድግዳውን እየነካካ «ቤኔ፣ ቤኔ»፣ ጥሩ ነው ጥሩ ነው፣ ሲል የነበረውን ሁሉ እያስመሰለ ያስቀን ነበር። ግንቡን እኛ ሠራን፣ እሱ ገብቶ ተቀመጠ፣ ጥቂት ተቀምጦ ጥሎት ሄደ፣ ለእኛ ቀረ ይላል አባባ፤ ሲለው ደስ እያለው ነበር።

ለእኛ ሲቀር ምን ሆነ መሰላችሁ። መጀመሪያ የግብር እህል ማከማቻ ሆነ፤ የአገሩ ገበሬ ገብሱን ጭኖ ወጥቶ እዚያ አራግፎ ባዶ ስልቻውን ይዞ ይወርዳል። ቀጥሎ የፖሊስ ጣቢያ ሆነ። ከዚያ እስር ቤት። ከዚያ የወታደር ሰፈር፣ ከዚያ የፍየል ማደሪያ። የመጣው መንግሥት ሁሉ ኮረብታውን ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ትምህርት ቤት ላድርገው ያለ ግን አልሰማሁም። እኔ ልጅ ሳለሁ አራቱም ማዕዘን ላይ ክብ ግንብ ነበረ፤ ጠመንጃ የሚሾልክባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች ነበሩት፤ ከኛ ሰፈር ሆነን ቀና ስንል ያ ቀዳዳ የሚያየን ይመስለን ነበርና በዚያ በኩል ሽንት አንሸናም። አሁን ከአራቱ አንዱ ብቻ ግማሽ ቁመቱን ይዞ ቆሟል። የቀረውን ሰው ለቤት መሠረት እየጫነ ጨርሶታል። አትውሰዱ ማለት አይቻልም፤ ሲሚንቶ የቱ ጋ ደርሷል፣ ድንጋይስ ማን በነጻ ይሰጣል።

ደምሴን ያላየ የዚያን ጊዜዋን መካነ ሰላም አላየም። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር፤ ደመወዙን ሲቀበል ለእናቴ ስኳርና ላምባ፣ ለእኔ ከረሜላ፣ ለራሱ የሬዲዮ ድንጋይ ይገዛል። ሱሪው ቤል ቦተም ነው፤ ከታች መንገዱን ሲጠርግ ይውላል፣ እናቴ ማታ ማታ ጫፉን እያጠበች ትራገማለች። ጸጉሩን አጎፍሮ ሚዶውን ከኋላ ኪሱ ይሰካዋል። ከገበያው መግቢያ ማዕዘን ላይ ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ቦንቦሊኖ በዐሥር። ቅዳሜ ከሰዓት ደምሴ ወንበሩን አውጥቶ ማዕዘኑ ላይ ይቀመጥና ቆዳ ያለበሳትን ሬዲዮ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይከፍታታል። የአዲስ አበባ ዘፋኞች በዚያች ሬዲዮ በኩል እኛ ገበያ ድረስ ይመጣሉ። ጨው የጫነ ነጋዴ አህያውን አቁሞ ያዳምጣል፤ ከደጎሎ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ያዳምጣል። ለትምህርት ቤት የተሰፋልኝን ቀሚስ ከጉልበቴ በላይ አሳጥሬ በዚያ በኩል ሳልፍ ወንድሜ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ «ይርጌ፣ ጨርቁ አልበቃ ብሎ ነው?» ይለኛል፤ ወጣቱ ሁሉ ይስቃል፤ እኔ እናደዳለሁ፣ በማግሥቱ ግን በዚያው በኩል ነው የማልፈው። አንድ ሙክት በዚያን ጊዜ ስንት ነበር ብዬ ብነግራችሁ ውሸታም ትሉኛላችሁ፣ ይቅር። ያ ማዕዘን ዛሬ የሞባይል ካርድ መሸጫ ሆኗል፤ ልጅቱ ግን ካርዱን ደርድራ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፣ ኔትወርክ የለማ።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ የቱ ወገን የቱን ለምን እንደ ጠላ ዛሬም አልገባኝም፤ ገብቶናል የሚሉት ሲያስረዱኝ ደግሞ ጭራሹን ይጠፋብኛል። ወንድሜን ጠመኔ እጁ ላይ እንዳለ ከክፍል አውጥተው ወሰዱት። አባባ ያን ጊዜ አርጅቶ ከመደቡ አይነሣም ነበር። ምሽግ አገቡት ብለን ስንነግረው «ያንን ግድግዳ በደንብ ነበር የሠራነው» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ምሽጉ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም፤ ያቺን ዓመትም አልጨረሳት።

እናቴ አገልግሏን አወረደች። የሠርጓ ዕቃ ናት፤ ክዳኗ ላይ ቆዳው ተበስቶ ከአሮጌ ቀይ ቦርሳ ቁራጭ ቆርጣ ጠግናታለች። በየቀኑ ምሳ ሲደርስ እኔና እሷ ዳገቱን ወጥተን በሩ ላይ ለዘቡ እንሰጣለን፤ ከሰዓት ዕቃውን ይመልስልናል። በመጀመሪያው ቀን ዶሮ ነበር የላክነው። አገልግሉ ሲመለስ እናቴ እዚያው በሩ ላይ ክዳኑን ከፈተች። ውስጡ አንድ ጭብጥ እርጥብ ሰርዶ አለ፣ ከጋቢ በተመዘዘ ነጭ ክር ታስሯል። እናቴ ሳሩን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አለቀሰች፣ ሳቀችም። በእኛ አገር የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ጎረቤት በሰሃን ጎመን ብትልክልሽ ሰሃኑ ሲመለስ እፍኝ ሽምብራ፣ ከጠፋ ከጠፋ እርጥብ ሳር ጣል ይደረግበታል፤ ባዶውን መመለስ ቤትሽ ባዶ ይሁን እንደ ማለት ነው። «አየሽው?» አለችኝ እናቴ፣ «እዚያም ሆኖ ያሳደግሁት ልጄ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሩ ለእሷ ደብዳቤ ሆነ። ሳር ካለ ደምሴ አለ።

በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ዘቡ «ልጅሽ ሥጋ አታምጡ ብሏል፣ ሽሮ ይበቃኛል ብሏል» አላት። እናቴ «ተስሎ ነው» አለች፤ «ልጄ ለመውጣቱ ተስሎ ነው።» እሱ ተስሎ እኔ ልበላ ነው ወይ ብላ እሷም ሥጋ ተወች። ፋሲካ መጣ ሄደ፣ እኔ ተዳርሁ፣ በሬ ታረደ፤ እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትሞት ድረስ ሥጋ በአፏ አልዞረም።

ቅበላው ሰሞን አንድ ቀን ሳሩ መጣ፣ ክሩ ግን አልነበረበትም። እናቴ «ጋቢው አልቆ ነዋ» አለች። ከአጅባር ገበያ አዲስ ጋቢ አስገዝታ ላከችለት፤ ዘቡ ተቀበለ። በማግሥቱም ሳሩ እንዲሁ ሳይታሰር መጣ። «አዲስ ስለሆነ ሳስቶለት ነው» አለች። እኔም እንዲያ ነው የመሰለኝ። ጾሙ ገባ፣ ወጣ፣ ክረምቱ ደረሰ፤ ሳሩ አንድ ቀን ሳይቀር ይመጣል። ሰኔ ላይ ዘቡ አገልግሉን ሳይቀበል «ወደ ደሴ ተዛውረዋል፣ ከእንግዲህ አትምጡ» አለን። እናቴ ደሴ ሄደች፤ በየበሩ ቆመች፤ «እዚህ እንዲህ ያለ ስም የለም» ተባለች፣ ተመለሰች። ሽማግሌዎች አንድ ማለዳ መርዶ ሊነግሯት ተሰብስበው መጥተው ነበር። በር ላይ ቆማ «ያያችሁት ከሆነ ንገሩኝ፣ ያላያችሁትን ግን አፋችሁ ላይ እንዳታደርጉት። ልጄ እስከ ሰኔ ሳር ልኮልኛል» አለቻቸው። ያየ አልነበረም፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ተመለሱ። እንዲህ ብላ ነው እንግዲህ ዕድሜዋን የጨረሰችው፤ እስከ ሰኔ ድረስ ስላለው ታውቃለች፣ ከሰኔ ወዲህ ላለው እግዜር ያውቃል። በመጨረሻዋ ሳምንት እንኳ እጄን ይዛ «ሲመጣ ቤቱን ዘግታችሁ እንዳታቆዩት» አለችኝ።

እና ባለፈው ሳምንት እኔ ያንን ዳገት ወጣሁ። በልጅነቴ ሳልተነፍስ የምወጣውን አራት ጊዜ አምስት ጊዜ እያረፍሁ ነው የጨረስሁት። መንገዱ ዳር ቅርስ ነው፣ እንጠብቀው የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ ወድቆ በጀርባው ተኝቷል፣ ዝናብ ሲያጠራቅም ከርሞ ዝጓል። በሩ በነበረበት ቦታ አይሱዙ ቆማ ጎረምሶች ድንጋይ ይጭናሉ። «እማማ፣ ቤት ሊሠሩ ነው?» አለኝ አንዱ። «የኔስ ተሠርቶ አልቋል፣ ከላይ የሚጫነውን ድንጋይ ነው የምመርጠው» አልሁት፤ ሳቁ። ውስጥ ስገባ ከሰሞኑ ግርግር የቀረ የጥይት ቀለህ፣ የውሃ ኮዳ ፕላስቲክ፣ የፍየል በጠጥ። የእስረኞቹ ክፍሎች ከነበሩበት ከጉልበት ከፍ ያለ ግድግዳ የለም። በዚያ ዝቅተኛ ግድግዳ ሥር አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ደፍተው ጥቂት በጎች እየጠበቁ ተቀምጠዋል።

«እንዴት ዋሉ አባቴ» አልሁ።

«አልሐምዱሊላህ። አፊያ ነዎት? ይቀመጡ፣ ዳገቱ ከባድ ነው» አሉኝ። ሰይድ እባላለሁ አሉኝ፤ ትውልዴ ወግዲ በኩል ነው፣ ዕድሜዬን ቆላ ሰሊጥ ሳጭድ ነው የፈጀሁት፣ አምና ከዚያ የሚያባርር ነገር መጣና ባዶ እጄን ተመለስሁ፣ አሁን ከኮረብታው ግርጌ ልጄ ቤት ተጠግቻለሁ አሉኝ። «ይኸው በስተርጅና የአማቼ በግ ጠባቂ ሆንሁ» ብለው ፈገግ አሉ።

እናቴ የምታደርገውን አደረግሁ፤ አገልግሌን አውርጄ ጠፍሩን መፍታት ጀመርሁ። «አያ ሰይድ፣ የእናቴ ተዝካር ነው። ሥጋ የለበትም፣ ሽሮ ነው፣ ይቅመሱልኝ» አልኋቸው። እሳቸው ግን ምግቡን አላዩም። ክዳኑን ተቀበሉኝና ቀዩን ጥጋኝ በአውራ ጣታቸው ደባበሱት።

«ይህችን አገልግል ከየት አገኟት?»

«የእናቴ ናት አልሁዎ።»

ክዳኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ «የደምሴ እናት ሞቱ?» አሉኝ።

የወንድሜን ስም ከእናቴ በቀር ከሌላ ሰው አፍ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ ነው። እናቴ ከሞተች ወዲህ የሚያነሣው እኔ ብቻ ነበርሁ፣ እሱንም በልቤ። ድንጋዩ ላይ ዘጭ አልሁ። ደምሴን ያውቁታል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። በዓይናቸው ከጎናችን ያለውን የፍየል በጠጥ የሞላበት ቦታ አሳዩኝና «እዚች ክፍል አብረን ነበርን» አሉ። ቀጥዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት «መጀመሪያ ይብሉ» አሉኝ። እኔም የዚህ አገር ሰው ነኝ፤ እንዲህ አብልቶ የሚናገር ሰው ምን ይዞ እንደ መጣ አውቃለሁ። ካልበላሁ እንደማይናገሩ ስለ ገባኝ ጎረስሁ። እሳቸውም ጎረሱ።

«ይህ ሽሮ ያው ነው» አሉ። «እኔ ስንቅ የሚያመጣልኝ አልነበረም፣ ቤተሰቤ ሩቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ወንድምዎ አገልግሉን ሲከፍት ዶሮ ነበረበት። የክርስቲያን ሥጋ ነውና እጄን ሰበሰብሁ። አየኝ። በማግሥቱ ዘቡን ለምኖ ሥጋ እንዳይመጣ አስነገረ። ተው፣ አንተ ብላ፣ እኔ እንጀራውን ብቻ ቢሆንም እበላለሁ አልሁት። ‹እኔ እየበላሁ አንተ ታየኛለህ?› አለኝ።»

«ስእለት አልነበረም?» አልሁ።

«የምን ስእለት?»

እናቴን አሰብኋት። ፋሲካ በመጣ ቁጥር ሰው ዶሮ ሲበላ እሷ ሽሮዋን ይዛ ጥግ ትቀመጥ ነበር። ለአያ ሰይድ ግን አልነገርኋቸውም፤ ምን ያደርግላቸዋል። ስለ ሳሩ ጠየቅኋቸው፣ ስለ ክሩ።

«እሱ ነበር የሚያስረው፣ ከጋቢው እየመዘዘ» አሉ። «እጁ ሥራ መፍታት አይወድም ነበር። ቅበላ ነበር፣ እናንተ ጾም ልትገቡ ስትሉ። በማለዳ ስም ጠርተው አወጧቸው። ወደ ደሴ ነው አሉ። ያን ጊዜ በጭነት መኪና ደሴ ደርሶ መመለስ ቀን ከሌት ይፈጃል። እኛ በቀዳዳው እናያለን። መኪናው ፀሐይ ሳትሞቅ ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ዘብ የወንድምዎን ጋቢ ለብሶት አየሁ።»

«በዚያን ቀን እኛ ምሳ አምጥተናል» አልሁ። «ሳር ነበረበት።»

«አዎ። ዘቦቹ ከላዩ ይበሉ ስለ ነበር ስንቁ እንዲቀርባቸው አልፈለጉም፣ ለእናንተ ምንም አላሉም። የተረፈውን ለኔ ሰጡኝ። አልበላሁትም፣ ሌሎቹ በሉት። ዕቃውን ልመልስ ባዶውን ባነሣው እጄ እምቢ አለኝ። እናቴ ያሳደገችኝ እንዲያ አይደለም። ከግድግዳው ሥር ሳር ነጭቼ ጨመርሁበት። ወላሂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ የሴትዮዋ ዕቃ ባዶውን አይሂድ ብዬ ነው። በማግሥቱም መጣ፣ በማግሥቱም ጨመርሁ። ሰኔ ላይ እኔን ፈትተው ከዚህ አገር ውጣ እስካሉኝ ድረስ።»

ከቅበላ ወዲያ የመጣው ሳር ሁሉ በእሳቸው እጅ የተነጨ ነው። እናቴ ያነበበችው፣ ያሸተተችው፣ ከሽማግሌ ፊት ቆማ የመሰከረችበት ሳር። እሷ አንዲት ነገር ብቻ ስታለች፤ እዚህ አገር ልጇን እንዲህ አድርጋ ያሳደገች እሷ ብቻ አይደለችም። ወግዲም አንዲት እናት ነበረች። ይህንን ነገርኋቸው፤ እናቴ ሳሩን እያየች ልጄ አለ ትል እንደ ነበር፣ ሳሩን ይዛ መርዶ አልቀበልም እንዳለች፣ እስክትሞት በሩን እንዳይዘጋበት እንዳዘዘች ነገርኋቸው። አያ ሰይድ የኩታቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። «ያ ረቢ» አሉ። «እኔ እኮ ያወቁ ነው የመሰለኝ። ክሩ ከቀረ ያውቃሉ ብዬ ነው።»

አልተቆጣኋቸውም። ማንን ልቆጣ። በጎቹ ከግድግዳው ሥር ያንኑ ሰርዶ ይነጫሉ፤ በታች በኩል ጎረምሶቹ ድንጋይ ሲወረውሩ ይሰማል። ነገ ከነገ ወዲያ ይህችም ክፍል የአንድ ሰው ቤት መሠረት ሆና አፈር ውስጥ ትገባለች፣ ወንድሜ የት እንደ ተቀመጠ ለማየት እንኳ ቦታ አይኖርም። አስከሬኑን ማ የት እንደ ጣለው መጠየቁም ከንቱ ነው፤ ገደሉ ሰፊ ነው።

«አያ ሰይድ» አልሁ፣ «ይበሉኝ እንግዲህ። ሞተ ይበሉኝ።»

ደነገጡ። «እንዲህ ይነገራል እንዴ፣ እቴ? በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዎን፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ? ኧረ በአላህ። ማለዳ እመጣለሁ፣ ሰው ይጥሩ።»

«ማንን ልጥራ? ደምሴን የሚያውቅ እርስዎና እኔ ነን የቀረነው።»

እሳቸውም አገልግሉን ወደ ራሳቸው ሳቡት፤ ፍርፋሪውን ለበጎቹ አራገፉ፤ በኩታቸው ጫፍ ውስጡን ጠረጉት። እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ሥር ሄደ፣ ሳሩን ጨበጠ። ጨብጦ ቆየ። ከዚያ ሳይነቅለው ለቀቀው። ክዳኑን ገጠሙ፣ ጠፍሩን አሰሩ፣ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ። እኔም ተነሥቼ በሁለት እጄ ተቀበልሁ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የፈራችውን ባዶ አገልግል እኔ ተቀበልሁት። «ጀሊሉ ያጽናዎት» አሉኝ።

እንዴት እንደ ወረድሁ አላውቅም። ጎረምሶቹ «እማማ ምነው?» ሲሉኝ ሰምቻለሁ። እናቴ ቤት ገብቼ አገልግሉን ቦታው ላይ ሰቀልሁ፤ ከሻንጣዬ ጠዋት ያጣጠፍሁትን ጥቁር ቀሚስ አወጣሁና ነጩን አውልቄ ለበስሁት። ጓዳውን የተከራየችው ወጣት ሴት የለቅሶ ድምፄን ሰምታ ሮጣ መጣች፤ ደኅና ልጅ ናት፣ ጠዋት ጥቁሩን ካስወለቁኝ አንዷ እሷ ነበረች። አቅፋ ይዛኝ «ምነው እትዬ ይርጌ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ።

«ወንድሜ ሞተ» አልኋት።

«የትኛው ወንድምዎ?» አለችኝ።